«ዘግይታ ነው የከሰሰችው፣ ያየ ሰውም የለም»፤ ይግባኝ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ወንድሜ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ሱቁ ውስጥ ትሠራ የነበረች ልጅ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለፖሊስ አመለከተች። ያኔ 20 ዓመቷ ነበር። ‹በጥቅምት 2014 መጨረሻ፣ ከተማው ሲታመስ፣ ሱቁን ዘግቶ ደፈረኝ› ነው የምትለው። ሁለት ዓመት ተኩል ዝም ብላ ቆይታ ማለት ነው። ያየ ሰው የለም። የሐኪም ወረቀቱ ‹የቆየ መቀደድ› ይላል፣ በቃ። አክስቷና ጓደኛዋ መስክረዋል፤ እነሱም የነገረቻቸውን ነው የተናገሩት። አንድ ሽማግሌም መስክረዋል። በ2015 ነገሩ እንዳይካረር ብለን ሽማግሌ አስቀምጠን 40 ሺህ ብር ሰጥተን ነበር። ወንድሜ በተባለው ጊዜ ተሰዶ ደብረ ብርሃን ነበር። ሁለት ሰው መስክሮለታል፤ ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበላቸውም። በአንቀጽ 620(1) 7 ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱ ከተነበበ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። ያለ ማስረጃ በእሷ ቃል ብቻ ነው የታሰረው። ይግባኝ ብንል ያዋጣል? ቤተሰቡ ደግሞ እንደገና ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ይላክ እያለ ነው።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ቆይተን እናወራዋለን። መጀመሪያ ቀኑ።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ይግባኝ የሚል ሰው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ኃላፊ) ያስታውቃል። ከዚያ የፍርዱ ግልባጭ ይሰጠዋል። ግልባጩን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ዋናውን የይግባኝ ማመልከቻ ያስገባል። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው 30ውን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ግን 15ቱ ነው። እርስዎ 9ኛው ቀን ላይ ነዎት። ነገ ጠዋት ይሂዱ። ማስታወቂያው ረጅም ጽሑፍ አይፈልግም፤ የመዝገብ ቁጥር፣ የወንድምዎ ስም፣ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን፣ ይግባኝ እንደሚል፣ ግልባጭ እንዲሰጠው፣ አለቀ። ወንድምዎ ከማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩልም ማቅረብ ይችላል። የጥፋተኝነቱ ውሳኔና ቅጣቱ በተለያየ ቀን ተነበው ከሆነ ቀደም ካለው ቀን ይቁጠሩ። ጊዜ ካለፈ በኋላ ለማስፈቀድ አንቀጽ 191 አለ፤ ግን መዘግየቱ የራሳችሁ ወይም የጠበቃችሁ ጥፋት አለመሆኑን ማስረዳት ትገደዳላችሁ። እዚያ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል።

የት ነው የሚቀርበው? የፈረደው የወረዳ ፍርድ ቤት ከሆነ ይግባኙ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የፈረደው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ባሕር ዳር ድረስ ለመሄድ ከመነሳትዎ በፊት መዝገቡ ደሴ ባለው ምድብ ችሎት ይታይ እንደሆነ ሬጅስትራሩን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ዘግይታ ከሰሰች» እና «ያየ የለም» የሚሉት ሁለቱ ለብቻቸው ፍርድ አያስሽሩም። ይህ እንደማያስደስትዎ አውቃለሁ። ግን ይግባኙ በእነዚህ ሁለት ሐረጎች ላይ ብቻ ከቆመ «አያስቀርብም» (ለክርክር አይበቃም) ተብሎ በግማሽ ገጽ ሊመለስ ይችላል።

ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን ለማስረዳት ይህን ያህል ምስክር ይኑር፣ የሐኪም ወረቀት ይኑር አይልም። ይህ ወንጀል ሰው ፊት አይፈጸምም። ማስረጃ ይመዘናል እንጂ አይቆጠርም። የአንዲት ሴት ቃል፣ ዳኛው አምኖት ለምን እንዳመነው ከጻፈ፣ ለጥፋተኝነት ሊበቃ ይችላል። «በእሷ ቃል ብቻ» ሲሉ ቃል ማስረጃ እንዳልሆነ አድርገው ነው የጻፉት። ቃል ማስረጃ ነው። የወንድምዎ ምስክሮች ያመጡትም ቃል ነው።

መዘግየቱም እንደዚያው ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ ለእነሱ የወንጀል ሕጉ የሦስት ወር ጊዜ ነው የሚሰጠው። አስገድዶ መድፈር ከእነሱ አይደለም። የአንቀጽ 620(1) ቅጣት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ደግሞ በአንቀጽ 217 መሠረት የክስ ይርጋው፣ ማለት ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 20 ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ነው።

ታዲያ መዘግየት ዋጋ የለውም ማለት ነው? አለው። ግን በሁለት መንገድ ብቻ፤ የቃሉን ተአማኒነት ሲነካ፣ ወይም ተከሳሹ ራሱን እንዳይከላከል ሲያደርገው። ሁለቱንም ከመዝገቡ ውስጥ ማሳየት አለብዎት።

መጀመሪያ ልጅቷ «ለምን ዘገየሽ?» ተብላ ምን እንደመለሰች ያንብቡ። ፍርዱ ላይ ሳይሆን የምስክር ቃሉ ላይ። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው ብላ ይሆናል። አባቴ ከሰማ ብላ ይሆናል። ወይም ከተማው በጦርነት ውስጥ ነበር ብላ ይሆናል። የመጨረሻው መልስ ኮምቦልቻ ላይ ከባድ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ምን እንደነበሩ ለዳኛው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ምናልባት እሱም ከሸሹት አንዱ ነው። በዚያ ጊዜ አቤት የሚባልበት ፖሊስም ፍርድ ቤትም አልነበረም፤ ሆስፒታሉም ተዘርፏል። ስለዚህ ያንን ወር እንደ መዘግየት ብትቆጥሩት ይስቁባችኋል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለዩ። ለፖሊስ መዘግየትና ለሰው መናገር መዘግየት የተለያዩ ናቸው። ጓደኛዋ መቼ ነገረችኝ ነው ያለችው? «በሳምንቱ እያለቀሰች ነገረችኝ» ካለች የመዘግየት ክርክርዎ ግማሹ ወድቋል። ልጅቷ ያኔውኑ ተናግራለች፣ የዘገየችው መክሰሱን ብቻ ነው ማለት ነው። ጓደኛዋ የሰማችው በ2016 ከሆነ ግን ሌላ ነው። አክስቷ አንድ ጊዜ፣ ጓደኛዋ ሌላ ጊዜ፣ ልጅቷ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ካሉ ያ ልዩነት በማመልከቻው ላይ ከነገጹ መጠቀስ ያለበት ነው።

ሁለቱ የሰሚ ምስክሮች ናቸው ብለዋል፤ ልክ ነዎት። ድርጊቱን አላዩም። የሚያስረዱት ነገር እንደነገረቻቸው ብቻ ነው። አንድ ሰው ያለውን ለሦስት ሰው ስለነገረ ሦስት ማስረጃ አይሆንም። ፍርዱ «ቃሏ በሁለት ምስክሮች ተደግፏል» ብሎ ካለፈ እዚያ ላይ በጥብቅ ይከራከሩ። ይህ እውነተኛ የምዘና ስህተት ነው። ፍርዱ «ነገሩ እንደተፈጸመ ወዲያው መናገሯን ያሳያል» ካለ ግን ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው ያዋለው፤ አይነካኩት።

እሱ ሱቅ መሥራቷን መቀጠሏንም ሳያነሱ አይቀሩም። ብዙ ቤተሰብ ያነሳዋል። እኔ ከፊት አላስቀምጠውም። የወር ደመወዟ ከአንድ ሰው እጅ የሚመጣ ልጅ ወዴት ትሂድ? ዳኛው ይህንን ጥያቄ ራሱን ይጠይቃል። መልሱም ለወንድምዎ አይጠቅምም።

የሐኪም ወረቀቱ። «የቆየ መቀደድ» (የድንግልና ሽፋኑ የተቀደደው ከቆየ ጊዜ በፊት ነው ማለት ነው) የሚለው ቃል ስንት መዝገብ ላይ እንዳለ ብነግርዎ ይገርምዎታል። ምን ያስረዳል? ስለ ወንድምዎ ምንም። መቼ እንደሆነ፣ በማን እንደሆነ፣ በፈቃድ ይሁን በግድ፣ አንዱንም አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2011 ዓ.ም. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብለው በጋራ አስታውቀዋል። ስለዚህ ፍርዱ ይህንን ወረቀት የቃሏ ደጋፊ አድርጎ ከቆጠረው ያ አንድ ጥሩ የይግባኝ ነጥብ ነው። ግን ቢላው በሁለት በኩል ይቆርጣል። «ጉዳት አልተገኘባትም፣ ስለዚህ አልተደፈረችም» ማለትም አይቻልም። የዘር ፈሳሽ ምርመራ የሚያዋጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ቁስል በቀናትና በሳምንታት ይሽራል። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ምንም አለመገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ወረቀቱ ለማንም አይመሰክርም፤ ከሚዛኑ ይውጣ ብለው ብቻ ይከራከሩ።

አሁን እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ላይ ልቀመጥ። ሽማግሌውና 40 ሺህ ብሩ።

«ያለ ማስረጃ» ብለው ጽፈዋል። ለዳኛው ግን ይህ ማስረጃ ነው። ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ የከበደው ይኸው ነው። ያልበደለ ሰው ለምን ይከፍላል? ዳኛው ይህንን ባይጽፈውም ያስበዋል። እርግጥ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው መልሱን ያውቃል። በእኛ አገር ሽማግሌ ከተቀመጠ ባዶ እጅ አይነሳም። ስም እንዳይጠፋ፣ ደም እንዳይቃባ፣ እናት እንዳታዝን ተብሎ ያላጠፋም ይከፍላል፤ ዱአ ተደርጎ ይበተናል። ግን ይህንን መከራከሪያ የሚያድነው ወይም የሚገድለው በዚያ ሸንጎ የተባለው ቃል ነው።

ሽማግሌው በችሎት ምን አሉ? ቃል በቃል ያውጡት። «ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ» ብለዋል? ወይስ «ለሰላም ብሎ ቤተሰቡ ከፈለ»? ወንድምዎ ራሱ እዚያ ተቀምጦ ነበር ወይስ አባት ወይም አጎት ነበር የተናገረው? ገንዘቡ ምን ተብሎ ተሰጠ? ያልተከፈለ ደመወዝ ነበረ? የተጻፈ የዕርቅ ወረቀት አለ? ሽማግሌው «አምኗል» ካሉና መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ማንም «ምን ብሎ ነው ያመነው?» ብሎ ካልጠየቃቸው ችግር አለ። ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። አንድን ነጥብ በመስቀለኛ ጥያቄ ሳያነሱ ማለፍ ነጥቡን እንደማመን አይቆጠርም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 140 ይህን ይላል። ሽማግሌው «ይቅርታ» የሚለውን ብቻ ተናግረው ፍርዱ ያንን «አመነ» ብሎ ከጻፈው ግን ምስክሩ ያላሉትን አስብሎአቸዋል። እንደዚህ ያለ ስህተት የይግባኝ ዳኛ ምስክሩን ሳያይ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዞ የሚያርመው ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ መላውን ይግባኝ ይገዛዋል። የይግባኝ ፍርድ ቤት ምስክር አይሰማም። ልጅቷ ስትናገር ፊቷን አላየም፤ የሥር ዳኛው ግን አይቷል። ስለዚህ «እሷ ትዋሻለች» ብትሉት «እኔ አላየኋት፣ ያያት አምኗታል» ይላችኋል። «ገጽ 14 ላይ እንዲህ ብላለች፣ ፍርዱ ግን እንዲህ ብላለች ይላል» ብትሉት ግን ማንበብ ይችላል። ጨዋታው ያለው በወረቀቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የደብረ ብርሃኑ ነገር የሚመጣው። ለእኔ ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ ተስፋ ያለው ይህ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ፍርድ የማስረጃውን ፍሬ ነገር እንዲይዝና ማስረጃው የታመነበት ወይም ያልታመነበት ምክንያት እንዲጻፍ ያዛል። የመከላከያ ምስክሮቹ ለምን አልታመኑም? ፍርዱ ላይ ያለው «ዘመዶቹ ስለሆኑ» የሚል አንድ መስመር ከሆነ ደካማ ምክንያት ነው። አክስቷም እኮ ዘመዷ ናት! አንዱን ወገን በዝምድና ጥሎ ሌላውን በዝምድና ማመን አይቻልም። ፍርዱ ጭራሽ ሳይጠቅሳቸው አልፎ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ማንም ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት አለው። ወንድምዎ ደብረ ብርሃን መሆኑን ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አይጠበቅበትም። በዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ላይ በቂ ጥርጣሬ መፍጠሩ ይበቃዋል። ፍርዱ «በሌላ ቦታ መሆኑን አላስረዳም» በሚል ቃል ሸክሙን ወደ እሱ አዙሮ ከሆነ ያንን ዓረፍተ ነገር ከነጥቅስ ምልክቱ ያውጡት። ሕጉ ላይ የተሠራ ስህተት ነው።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ክሱ ቀኑን እንዴት ነው የጻፈው? ክስ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ መያዝ አለበት። «በጥቅምት 2014 መጨረሻ፣ ቀኑ በትክክል ባልታወቀ» ከሆነና ወንድምዎ ከኮምቦልቻ የወጣው ለምሳሌ ጥቅምት 20 ከሆነ፣ ዐቃቤ ሕጉ «ጥቅምት 19 ላይ ነው» ማለት ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ከቃሏ ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት ያስፈልጋል። «ከተማው ሲታመስ» ብላለች። መቼ ነው የታመሰው? ሰው ወደ ሐርቡና ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ መጉረፍ የጀመረው መቼ ነው? ሱቆች የተዘጉት የትኛው ቀን ነው? «የተኩስ ድምፅ ይሰማ ነበር» ካለች ወይም «በማግስቱ ገቡ» ካለች ቀኑ ራሱን ችሎ ይወጣል። ያ ቀን ወንድምዎ ደብረ ብርሃን ከነበረበት ጋር ከተጋጨ ጥሩ ይግባኝ አለዎት። ካልተጋጨ ደግሞ ሌላ ክርክር አለ። ቀኑ ልቅ መሆኑ፣ ክሱም ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ መምጣቱ፣ ራሱን የሚከላከልበትን መንገድ አጥፍቶበታል ይባላል። ይህ «ዘግይታለች» ከሚለው ባዶ ጩኸት በጣም የተሻለ ነው። ግን ምን እንደጠፋበት ስም ጠርታችሁ ተናገሩ። ከተማውን ለቆ የሄደ ምስክር፣ በዘረፋው የጠፋ የሱቅ መዝገብ፣ ምን? «መከላከል አልቻለም» ብቻ ከሆነ አይሰሙትም።

አዲስ ማስረጃስ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 194 በይግባኝ ምስክር አይሰማም ይላል። ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ማስረጃ አስፈላጊ ነው ካለ ግን ምክንያቱን መዝግቦ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። በር ጠባብ ነው። ሌላ ሦስተኛ ዘመድ ይዛችሁ አትሂዱ። ሰነድ ፈልጉ። ያኔ ደብረ ብርሃን የገባ ተፈናቃይ የተመዘገበበት ቦታ አለ፤ ስሙ አለ? በዚያ ሳምንት ከየትኛው የባንክ ቅርንጫፍ ወይም ኤቲኤም ገንዘብ አወጣ? የሂሳብ መግለጫው ቀኑንና ቦታውን ይዞ ይወጣል። ቤት ተከራይቶ ከነበረ ውሉ የት አለ? ዘመድ ሁለት ቀን ሙሉ ከሚመሰክር አንድ የባንክ መስመር ይበልጣል። ይህ ወረቀት በሥር ፍርድ ቤት ለምን አልቀረበም ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱን አሁኑኑ ያዘጋጁ።

ስለ ቃል ልዩነት ደግሞ። ልጅቷ ለፖሊስ የሰጠችውንና በችሎት የተናገረችውን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። የፖሊሱን ቃል በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት በችሎት አስቀርቦ የምስክርን ተአማኒነት መፈተን ይቻል ነበር። ጠበቃችሁ ጠይቆ ነበር? ጠይቆ ፍርዱ ችላ ካለው ይዛችሁ ግቡ። ልዩነት ሁሉ ግን ልዩነት አይደለም። የሸሚዝ ቀለም፣ ሰዓቱ አሥር ነው አሥራ አንድ፣ እነዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም ላይ ይቀላቀላሉ። እንዲያውም ሁሉንም በቃሉ የያዘ ምስክር ነው የሚያጠራጥር። ክብደት ያላቸው እነዚህ ናቸው፤ ሱቁ ውስጥ ነው ወይስ ቤቱ፣ ሌላ ሰው ነበረ አልነበረም፣ በሩን ማን ዘጋው፣ ምን ዓይነት ኃይል ወይም ዛቻ ነበረ። አንቀጽ 620 ኃይልን፣ ብርቱ ዛቻን ወይም መከላከል እንዳትችል ማድረግን ይጠይቃል። ይህ አንዱ እንኳ በቃሏ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም በፖሊስ ቃሏ ሳይኖር በችሎት ላይ የመጣ ከሆነ፣ ከሁሉ ቀድሞ እሱ ይጻፋል።

ሰረቀች ብለን ስላባረርናት ነው የሚለው ዓይነት የቂም ክርክር ካላችሁ ተጠንቀቁ። ያኔ ለፖሊስ አመልክታችኋል? የተጻፈ ነገር አለ? ከሌለ ለዳኛው የሚመስለው በልጅቷ ላይ ሁለተኛ በደል ነው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ራፖር ጸሐፊ «ፍርዱ የተዛባ ነው፣ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሷል» እያለ አራት ገጽ ሊሞላልዎት ይችላል። ዳኛው የሚፈልገው ሦስት ወይም አራት ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ከነገጹ፣ ከነጥቅሱ፣ ከነአንቀጹ። የወንጀል ሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕጉ ረቂቅ ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ ስለሆነ፣ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃው በዕለቱ በሥራ ላይ ካለው ሕግ ጋር ያመሳክራቸው። ፍርድ ቤቱ ያስቀርባል ካለ ዐቃቤ ሕጉ መልስ ይሰጣል። ከዚያ ፍርዱ ይጸናል፣ ይሻሻላል ወይም ይሻራል። ይግባኝ ማለት በራሱ ከማረሚያ ቤት አያስወጣም። ዐቃቤ ሕጉም ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ ሊል እንደሚችል ይወቁ።

በአማራጭ ስለ ቅጣቱም ይጻፍ። ከዚህ በፊት ያልተከሰሰ መሆኑ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱ፣ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 በትክክል መሠራቱ፣ እነዚህ አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል። በአማራጭ መጠየቅ ጥፋትን ማመን አይደለም።

ይህንን ይግባኝ በዋዛ አይዩት። ከዚህ በኋላ ያለው ሰበር ነው፤ የክልሉ፣ ከዚያም የፌዴራሉ። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። «ምስክሩ አይታመንም ነበር» የሚለውን አይሰማም። ማስረጃው ላይ የምትከራከሩበት የመጨረሻው ቦታ ይኸው ነው።

ሽማግሌ ስለ መላክ ያላችሁትን ተዉት። በፍጹም። በድሮው ሕግ ደፋሪው ካገባት ጉዳዩ ይቀር ነበር፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያ ቀርቷል። ክሱ የመንግሥት ነው። ልጅቷ ነገ ይቅር ብትል ፍርዱ አይነሳም። ጉዳዩ በፍርድ ቤት እያለ ገንዘብ ወይም ማስፈራሪያ ይዞ ምስክር ቤት መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ምስክሮችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ 699/2003ም አለ። ከዚህም ሌላ የፊተኛው 40 ሺህ ምን እንዳመጣ አይታችኋል። ሁለተኛው ከዚያ የከፋ ነው የሚሆነው። እና ይህንንም ልበል፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ እኔም አልነበርኩም፣ እርስዎም አልነበሩም። ልጅቷ እውነቷን ከሆነ በደጇ የሚቆም ሽማግሌ ሌላ ሥቃይ ነው።

ወንድምዎ ደግሞ ለጠበቃው ሁሉንም ይንገረው። ሽማግሌ ፊት ያለውን፣ ከልጅቷ ጋር የነበረውን ግንኙነት፣ ከኮምቦልቻ የወጣበትን ትክክለኛ ቀን። ለቤተሰብ የነገረውና ለጠበቃ የሚነግረው አንድ ካልሆነ ይግባኙ በመጀመሪያው መልስ ይፈርሳል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላችሁ በፍርድ ቤት ያለውን የተከላካይ ጠበቃ አገልግሎት ጠይቁ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሲሄዱ ክሱን፣ የምስክሮቹን ቃል ግልባጭ፣ ፍርዱንና የሐኪሙን ወረቀት ሁሉንም ይያዙ፤ ፍርዱን ብቻ ይዘው አይሂዱ። የባንክ መግለጫውን ለማውጣት የወንድምዎ ውክልና ያስፈልግዎታል። ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ማረሚያ ቤት ድረስ ሄዶ የሚያስፈርምበት አሠራር ስላለ፣ ነገ ከሬጅስትራሩ ሲመለሱ በዚያው ማረሚያ ቤት ጎራ ብለው አስተዳደሩን ይጠይቁ።